ከአስተዳደሩ ጋር አንድ ኮሚቴ ውስጥ መቀመጥ የመምህራን ማኅበርን ያዳክማል?

ጥያቄ፦ «በቅርቡ የዩኒቨርሲቲያችን መምህራን ማኅበር ሊቀ መንበር ሆኜ ተመርጫለሁ። አስተዳደሩ በሥራ ሁኔታ ላይ አብረን የምንሠራበት የጋራ ኮሚቴ እናቋቁም ብሎ የመግባቢያ ሰነድ ረቂቅ ልኮልናል። የማስተማር ጫና፣ የላቦራቶሪ ደህንነት፣ የቢሮ ጥበት፣ የኮንትራት መምህራን ጉዳይ ሁሉ እዚያ ይታያል ይላል። ግማሹ አባል ‹ጥሩ አጋጣሚ ነው› ሲል፣ ግማሹ ‹ሊያስሩን ነው› ይላል። ረቂቁ ውስጥ ‹በኮሚቴው የተያዘ ጉዳይ ከኮሚቴው ውጪ አይነሳም› የሚል አንቀጽም አለ። እንግባ? ከገባንስ ከየት እንጀምር?»

መልስ፦

እንኳን ለኃላፊነቱ አበቃዎት። አጭሩ መልሴ ይኼ ነው፦ ይግቡ፤ ያንን አንቀጽ ሳያስቀይሩ ግን እንዳይፈርሙ። አሁን ምክንያቴን ላስረዳ።

«ሊያስሩን ነው» የሚሉትን አባላት አይናቋቸው። በዩኒቨርሲቲዎችና በመምህራን መካከል በሚደረግ ድርድር ውስጥ ስሠራ፣ የጋራ ኮሚቴ በጠብ ሲፈርስ ብዙም አላየሁም። አብዛኛው የሚሞተው ቀስ እያለ ነው። ስብሰባው በሰላም ይከፈታል፣ ሁሉም ይደማመጣል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ «በሚቀጥለው እናየዋለን» ይባላል። ሴሚስተሩ ያልቃል። መምህሩ ወደ ቢሮው ሲመለስ ያው አምስት ሰው የሚጋራው ክፍል፣ ያው የማይሠራ ፕሪንተር፣ ያው የፈተና ወረቀት ክምር ይጠብቀዋል። ይባስ ብሎ አስተዳደሩ በየመድረኩ «ከማኅበሩ ጋር ተመካክረናል» ይላል። አባላትዎ የፈሩት ይህን ነው፤ መፍራታቸውም ልክ ነው። ኮሚቴውን ስትመዝኑት አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ የተወሰነው ነገር መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ደርሷል ወይ?

መጀመሪያ ጉዳዮቹን ይለዩ። ረቂቁ ሁሉንም አንድ ላይ አጭቋቸዋል። ደመወዝ፣ ጥቅማ ጥቅምና የቅጥር ዋስትና የኅብረት ድርድር፣ ማለትም ማኅበሩ በአባላቱ ስም ከአሠሪው ጋር የሚያደርገው ድርድር፣ ጉዳዮች ናቸው። እዚያ የሁለቱ ወገኖች ጥቅም በግልጽ ይጋጫል፤ መጋጨቱም ነውር የለበትም። ሥርዓተ ትምህርትና የማዕረግ እድገት መስፈርት ደግሞ በተለምዶ የሴኔት፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው የአካዳሚክ ጉባኤ፣ ጉዳይ ነው። ለጋራ ኮሚቴው የሚቀረው፣ ቢፈታ ሁለቱም ወገን የሚያርፍበት ነገር ነው፦ አየር የማይስብ ላቦራቶሪ፣ ትምህርት ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው የሚቀየር የክፍለ ጊዜ ድልድል፣ ማታ መብራት የሌለው የግቢ መንገድ፣ የቅሬታ ማመልከቻ ገብቶ የሚጠፋበት ቢሮ።

የማስተማር ጫና ላይ ግን ይጠንቀቁ። ጉዳዩ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ነው። አንድ መምህር በሳምንት ቢበዛ ስንት ሰዓት ያስተምር የሚለው ጣሪያ የድርድር ጉዳይ ነው። ከጣሪያው በታች ያለው ሥራ በመምህራን መካከል እንዴት ይከፋፈል የሚለው የጋራ ኮሚቴው ሥራ ነው። ይህ ካልተለየ «ችግሩን አብረን እንፍታ» እየተባለ ጣሪያው ራሱ ከፍ ይላል። ድርድር ላይ ዋጋ ሊያስከፍሉበት የሚገባውን ነገር በወዳጅነት ሰጥተው ይወጣሉ። ስለዚህ ሰነዱ ላይ «ኮሚቴው የኅብረት ስምምነቱን መለወጥም ሆነ መተካት አይችልም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ያስገቡ። ከልቡ መተባበር የሚፈልግ አስተዳደር በዚህ አይከፋም።

ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልዎት። እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የየሺቫ ዩኒቨርሲቲን ጉዳይ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ወስኗል። የዩኒቨርሲቲው መምህራን በሥርዓተ ትምህርት፣ በቅበላ፣ በቅጥርና በእድገት ላይ ትልቅ ድምፅ ስላላቸው የአመራሩ አካል ናቸው አለ። በዚህ የተነሳ በ1935ቱ የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ የሚያገኙትን የኅብረት ድርድር ጥበቃ አጡ። ውሳኔው የሚመለከተው በዚያው አገር ያሉ የግል ዩኒቨርሲቲዎችን ነው። ነገር ግን የትም ቢሆን ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለው። መምህራን በየትኛው ወንበር ሆነው እንደሚናገሩ በጽሑፍ ካልተለየ፣ መሳተፋቸው ራሱ አንድ ቀን መብታቸውን ለመንፈግ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ያው የ1935 ሕግ ቀጣሪ የሠራተኛ ማኅበርን እንዳይቆጣጠር፣ በገንዘብም እንዳይደግፍ ይከለክላል። ነገሩ ግልጽ ነው። የማኅበሩን ወኪል አስተዳደሩ ከመረጠው ወኪሉ የማን ይሆናል? በእናንተ ወገን የሚቀመጡትን ማኅበሩ ብቻውን ይምረጥ። ዲኑ «እገሌ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ ሰው ይግባባል» ካለዎት አመስግነው ይለፉት። ረቂቁንም የአገራችሁን የሠራተኛ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ አንድ ጊዜ ያንብበው።

«ጥሩ አጋጣሚ ነው» የሚሉትም እውነት አላቸው። ዩኔስኮ በኖቬምበር 1997 እ.ኤ.አ. የከፍተኛ ትምህርት መምህራንን የሚመለከት ምክረ ሐሳብ አጽድቋል። የሥራ ሁኔታ ማስተማርንና ምርምርን በሚያግዝ መልኩ እንዲደራጅ፣ ጫናው ፍትሐዊ እንዲሆን፣ መምህራንም በማኅበራቸው በኩል የመደራደር መብት እንዲኖራቸው ይጠይቃል። አስገዳጅ ውል አይደለም። ቢሆንም ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ክርክሩ ከ«እናንተ ፈለጋችሁ» ወደ «አገራት ተስማምተውበታል» ይሸጋገራል። ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት አትመው ለኮሚቴው አባላት በሙሉ ያድሏቸው።

ወደ ኮሚቴው አደረጃጀት ልምጣ። አስተዳደሩን መጀመሪያ የሚጠይቁት «የላካችሁት ሰው መወሰን ይችላል?» ብለው ነው። የሰው ሀብት ክፍል ባለሙያ ብቻ ከተላከ ስብሰባችሁ መልእክት ማመላለሻ ይሆናል። የአካዳሚክ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ወይም ሙሉ ውክልና ያለው ሰው ይቀመጥ። ከፋይናንስም አንድ ሰው ይኑር፤ ይህን ብዙዎች ይረሱታል። ሁሉም በተስማማበት ማግሥት «በጀት የለም» የሚል ደብዳቤ የሚመጣው ገንዘቡን የሚያውቀው ሰው ክፍሉ ውስጥ ስላልነበረ ነው። በእናንተ በኩል ሥራ አስፈጻሚውን ብቻ ይዘው አይሂዱ። ላቦራቶሪ ውስጥ የሚውል ሰው፣ በኮንትራት የሚያስተምር ሰው፣ ገና ከተቀጠረ ብዙም ያልቆየ ሰው ያስፈልጋል። ከየወገኑ አራት ሰው ይበቃል። 14 ሰው የተቀመጠበት ኮሚቴ ሲወያይ እንጂ ሲወስን አላየሁም። ሰብሳቢነቱ በየተራ ይሁን። ኮሚቴው ለፕሬዚዳንቱ ለሚልከው ሐሳብ ሁሉ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ይሰጥ። መልሱ «አይሆንም» ከሆነም ምክንያቱ ይጻፍ። ካሉት ደንቦች ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይህንን እመርጣለሁ። አንድ ኃላፊ የእምቢታውን ምክንያት በፊርማው እንዲጽፍ ሲገደድ ብዙ ነገር ይለወጣል።

አሁን «ከየት እንጀምር?» ወዳሉት። ከጫናው ሠንጠረዥ ጀምሩ።

የጫና ክርክር ሁሌም አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። አስተዳደሩ «ሁሉም መምህር በሳምንት 12 ሰዓት ነው የሚያስተምረው፤ ምን ጫና አለ?» ይላል። መምህሩ «ሞቻለሁ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሁለት መምህራንን እንውሰድ፤ ሁለቱም በወረቀት ላይ 12 ሰዓት አላቸው። አንዷ በድምሩ 160 ተማሪ ይዛለች። ሌላው 30 ተማሪ አለው። ሁለቱም የጽሑፍ ፈተና ይሰጣሉ፤ አንድ ወረቀት አንብቦ አስተያየት ለመጻፍ 15 ደቂቃ ይፈጃል። ለእሷ አንድ ዙር ፈተና 40 ሰዓት ነው፤ ሙሉ የሥራ ሳምንት ማለት ነው። ለእሱ 7 ሰዓት ተኩል። በሴሚስተሩ ሦስት ዙር ካለ እሷ 120 ሰዓት ታርማለች፣ እሱ 22 ሰዓት ተኩል። በመካከላቸው ወደ ሁለት ሳምንት ተኩል የሚጠጋ ሥራ አለ። በየትኛውም ፎርም ላይ ግን አይታይም። ፎርሙ ላይ ሁለቱም «12» ናቸው።

ማረሙ አንዱ ብቻ ነው። አራት ክፍል ተመሳሳይ ኮርስ ማስተማርና አራት የተለያየ ኮርስ ማስተማር አንድ አይደለም። አንድን ኮርስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዘጋጅ ሰው ሌሊቱን የሚያሳልፈው ስላይድ ሲሠራ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ማማከር አለ፤ የአንድ ተማሪ ምዕራፍ ሦስት ጊዜ ይነበባል። ላቦራቶሪ ማዘጋጀትና ማጽዳት አለ። የኮሚቴ ሥራ አለ። ችግር ገጥሞት በር አንኳኩቶ የሚመጣ ተማሪ አለ፤ ይህኛው ሥራ ብዙ ጊዜ በሴት መምህራን ላይ ይበዛል፤ ማንም አይቆጥርላቸውም።

እንግዲህ ሠንጠረዡ እነዚህን ሁሉ በየዓምዱ ይያዝ፦ የተማሪ ቁጥር፣ የተለያዩ ኮርሶች ብዛት፣ አዲስ ኮርስ መሆን አለመሆኑ፣ የሚማከሩ ተማሪዎች፣ የላቦራቶሪ ዝግጅት፣ የኮሚቴ ሥራ። የትምህርት ክፍሉ ይሙላው፣ መምህሩ ራሱ አይቶ ያርመው። ከትምህርት ክፍሉ ሲወጣ የመምህራኑ ስም ይሰረዝ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማኅበሩም አስተዳደሩም የያዙት አንድ ዓይነት ፋይል ይሁን። እናንተ የራሳችሁን ቁጥር፣ እነሱ የራሳቸውን ይዘው ከመጡ ስብሰባው የማን ቁጥር ትክክል ነው በሚል ክርክር ያልቃል። ቁጥሩ አንድ ከሆነ ግን ሰው በግድ ወደ መፍትሔው ይሄዳል፦ ከ100 በላይ ተማሪ ለያዘ መምህር የእርማት ረዳት፣ አዲስ ኮርስ ለሚያዘጋጅ ቅናሽ ሰዓት፣ ለማማከር በጫናው ላይ የሚቆጠር የተወሰነ ነጥብ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርዎት። ሠንጠረዡ ሲወጣ የሚያፍረው አስተዳደሩ ብቻ ላይሆን ይችላል። በብዙ የትምህርት ክፍል ቀላሉን ኮርስ፣ ጥሩውን ሰዓት፣ ትንሹን ክፍል የሚወስዱት ነባሮቹ ናቸው። ነባሮቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ የማኅበሩ ጠንካራ አባላት ናቸው። ያኔ አዲሷን መምህርት ይዘው መቆም አለብዎት። ከባድ ነው፤ ወዳጅ ያስቀይማል። ግን ማኅበሩ የሁሉም መሆኑ የሚፈተነው እዚያ ላይ ነው። የኮንትራት መምህራኑም የዚህ አካል ናቸው። በየሴሚስተሩ ውላቸው የሚታደስላቸው ሰዎች ቅሬታ ለማቅረብ ይፈራሉ፤ ስለዚህ ማኅበሩ ካልጠየቀላቸው ማንም አይጠይቅላቸውም። ውላቸው መቼ ይታወቃል የሚለውን ከመጀመሪያዎቹ አጀንዳዎች ያድርጉት። ትምህርት ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው «ኮርሱን ለሌላ ሰጥተነዋል» መባል የክብር ጉዳይም ነው፣ የቤት ኪራይ ጉዳይም ነው። አስተዳደሩ ይህን ለማስተካከል ገንዘብ እንኳ አያስፈልገውም። ቀድሞ ማቀድ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መነሻ የላቦራቶሪ ደህንነት ነው። በዚህ ጉዳይ መተባበር ዓለም አቀፍ ድጋፍ አለው። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1981 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስምምነት ቁጥር 155 የሥራ ቦታ ደህንነት ላይ የአሠሪና የሠራተኛ ትብብር መሠረታዊ ነገር ነው ይላል። በ2022 ደግሞ ድርጅቱ ደህንነቱ የተጠበቀና ጤናማ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ተርታ አስገብቶታል። በብሪታንያ በ1977 የወጣው ደንብ እንዲያውም ጠበቅ ያለ ነው። ሁለት የማኅበር የደህንነት ተወካዮች በጽሑፍ ከጠየቁ አሠሪው በሦስት ወር ውስጥ የደህንነት ኮሚቴ ማቋቋም አለበት።

ለምን ይህን ያህል አጥብቄ እንደምናገር ይረዱኝ። በዲሴምበር 2008 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አንዲት የ23 ዓመት የምርምር ረዳት አየር ሲነካው በራሱ የሚቀጣጠል ኬሚካል በመርፌ እየቀዳች ሳለ እሳት ተነሳ። የላቦራቶሪ ጋውን አልለበሰችም ነበር። የለበሰችው ሹራብ ተያያዘ። ከ18 ቀን በኋላ ሕይወቷ አለፈ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ዩኒቨርሲቲውም የደህንነት አሠራሩን ለማስተካከል በስምምነት ግዴታ ገባ። የጋውን፣ የሥልጠና፣ የቁጥጥር ጉዳይ ነው። እነዚህን ነገሮች አንድ የጋራ ኮሚቴ ላቦራቶሪዎቹን ዞሮ ሊያያቸው ይችላል።

ስለዚህ ከማኅበሩ ሁለት ሰው፣ ከአስተዳደሩ ሁለት ሰው አብረው ይዙሩ። የጭስ መምጠጫው፣ ማለትም የኬሚካል ጭስ ስቦ የሚያስወጣው ሳጥን፣ አየር የሚስብበትን ፍጥነት ያስለኩ፤ የመስታወት በሩ ለሥራ በሚከፈትበት ከፍታ ላይ ሆኖ ሲለካ ፍጥነቱ በሰከንድ ግማሽ ሜትር አካባቢ መሆኑ የተለመደ ነው። የዓይን ማጠቢያውን ራሳቸው ይክፈቱት፣ ውኃ ይመጣ እንደሆነ ይዩ። የእሳት ማጥፊያው ላይ የተለጠፈውን ቀን ያንብቡ። የድንገተኛ መውጫው በር በካርቶን ተዘግቶ እንደሆነ ይዩ። ያዩትን በአንድ ገጽ ይጻፉ፣ ከጎኑ የኃላፊውን የሥራ መደብና የሚጠገንበትን ቀን ያስቀምጡ። ከወር በኋላ ያንኑ ወረቀት ይዘው ይመለሱ። «ሊያስሩን ነው» ያለው የኬሚስትሪ መምህር የዓይን ማጠቢያው ሲሠራ ካየ፣ ከማንኛውም ንግግር በላይ እሱ ያሳምነዋል። አስተዳደሩም ከማኅበሩ የሚመጣው ጥያቄ ሊፈጸም የሚችል እንደሆነ ያያል።

አሁን ወደዚያ አንቀጽ። «በኮሚቴው የተያዘ ጉዳይ ከኮሚቴው ውጪ አይነሳም» የሚለው እንዳለ ቢጸድቅ አንድን ችግር ለማፈን በኮሚቴው አጀንዳ ላይ ማስያዝ ብቻ ይበቃል። ላለመስማማታችሁ ዋናው ምክንያት ይህ ነው። ከአንቀጹ በስተጀርባ ያለው ስጋት ግን እውነተኛ ነው፤ አይጣሉት። ሰዎች ገና ያልበሰለ ሐሳብ ጮክ ብለው ማሰብ መቻል አለባቸው። አንድ ምክትል ፕሬዚዳንት «ምናልባት ይህን ብናደርግስ?» ያለው ነገር ማታውኑ ቴሌግራም ላይ «ቃል ገባ» ተብሎ ከወጣ ሁለተኛ አፉን አይከፍትም። ስለዚህ ይህን ምትክ ያቅርቡ፦

«የግለሰቦች የጤና፣ የዲሲፕሊንና የቅሬታ መረጃ በምስጢር ይያዛል። በውይይት ላይ የተነሳ ሐሳብ በተናጋሪው ስም አይጠቀስም። ከዚህ ውጪ ሁለቱም ወገኖች የኮሚቴውን አጀንዳ፣ ውሳኔና ያልተስማሙባቸውን ነጥቦች ለአባሎቻቸው ያሳውቃሉ። በኮሚቴው መሳተፍ የማኅበሩን የመደራደር፣ ቅሬታ የማቅረብና በሕግ የተፈቀደለትን ማንኛውንም እርምጃ የመውሰድ መብት አይቀንስም።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አስተዳደሩን ሊያስደነግጠው ይችላል። «እየተባበርን ስለ ሥራ ማቆም ታወራላችሁ?» ሊሉ ይችላሉ። አዎ፣ ሁለቱ አብረው ይኖራሉ። በኤፕሪል 2023 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ማኅበራት ሥራ አቁመው ነበር፤ በተቋሙ የ257 ዓመት ታሪክ የመጀመሪያው የመምህራን ሥራ ማቆም ነው። በሳምንት ውስጥ በመሠረታዊ ነጥቦች ላይ ተስማምተው ወደ ክፍል ተመለሱ። ከዚያ በኋላም የፈተና ሰሌዳው፣ የላቦራቶሪው ቁልፍ፣ የክፍል ድልድሉ የሚያልፈው በእነዚያው ሰዎች እጅ ነው። እምቢ የማለት አቅሙ የታወቀ ማኅበር ሲስማማ ስምምነቱ ክብደት አለው። አስተዋይ አመራርም ይህን ያውቃል።

አባላትዎን በተመለከተ፣ ከመፈረምዎ በፊት ጠቅላላ ጉባኤ ጠርተው ረቂቁን ከነምትኩ ያስነብቧቸው። ከእያንዳንዱ ስብሰባ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ገጽ ይላኩላቸው፦ ምን ተወሰነ፣ ማን ይሠራዋል፣ እስከ መቼ፣ ምን ላይ አልተስማማንም። «አልተስማማንም» የሚለውን ክፍል በፍጹም አይዝለሉት። አባላት ማኅበሩ እንዳልተሸጠ የሚያውቁት ከእሱ ነው። እርስዎ ራስዎ የጋራ ኮሚቴው ተባባሪ ሰብሳቢ ከሆኑ ደግሞ የደመወዝ ድርድሩን ሌላ ሰው ይምራው። ጠዋት ችግር ፈቺ፣ ከሰዓት ተፋላሚ መሆን ለማንም አይመችም።

መቼ ልውጣ ብለው አልጠየቁኝም፤ ግን ከወዲሁ በሥራ አስፈጻሚው ውስጥ ተነጋገሩበት። እኔ የምመክረው ይህን ነው። የተፈረመ ውሳኔ ሁለት ጊዜ ሳይፈጸም ካለፈ፣ ወይም ኮሚቴው እየተወያየበት ያለ ጉዳይ በአንድ ወገን ሰርኩላር ከተለወጠ፣ ተሳትፎውን ምክንያቱን ጽፈው ለጊዜው ያቁሙ። ኮሚቴው ውስጥ በተናገረው ነገር ምክንያት አንድ አባል ከተጎዳ ግን ሁለተኛ ጊዜ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይውጡ።

የቢሮ ጥበቱን ሆን ብዬ ወደ ኋላ አስቀረሁት። ሕንጻ ይፈልጋል፣ በጀት ይፈልጋል፣ ዓመታት ይፈጃል። የመጀመሪያው ዓመት አጀንዳ ካደረጋችሁት ኮሚቴው በሙሉ እሱ ላይ ተቀርቅሮ ይቀራል። እስከዚያው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ በየሕንጻው በር የሚዘጋ አንድ ክፍል ለተማሪ ማማከሪያ ይለቀቅ፣ መምህራንም በሰዓት እየተመዘገቡ ይጠቀሙበት። ውጤቱ ተበላሽቶ የሚያለቅስ ተማሪ አራት የሥራ ባልደረቦች ባሉበት ክፍል ችግሩን መናገር የለበትም።